ስለ መቅደላ የተገጠመውና የተጻፈው፤ ግጥምን ከታሪክ ጋር አመዛዝኖ ስለ መጻፍ

አባቶቻችን «ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ። ውሃን ከምንጩ የሚቀዳ አይታመምም፤ ነገርንም ከሥሩ የሚጠይቅ አይሳሳትም ማለታቸው ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ሁለትና ሦስት ሥር ያለው እንደ ሆነ ምን እናደርጋለን? አንዱ ሥር ግጥም፥ ሁለተኛው የአገር ጸሐፊ ዜና መዋዕል፥ ሦስተኛው ደግሞ የወራሪ ጦር መዝገብ ቢሆን፥ የትኛውን አምነን የትኛውን እንተዋለን? እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሐፍ ልንጽፍበት የመረጥነው ጥያቄ ይህ ነው።

ለመጨረሻው ክፍል ከሚሰጡት የድርሰት ዓይነቶች ሁሉ ተማሪን የሚያስጨንቀው «ይህን ግጥም ስለዚሁ ነገር ከተጻፈ ከሌላ ጽሑፍ ጋር አመዛዝነህ ጻፍ» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ተማሪው በመጀመሪያ ሁለት ገጽ ስለ ግጥሙ ይጽፋል፤ ቀጥሎ ሁለት ገጽ ስለ ሌላው ጽሑፍ ይጽፋል፤ በመጨረሻም «ሁለቱም መልካም ናቸው» ብሎ ይደመድማል። ይህ ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሳይነጋገሩ እንደ ማደር ነው እንጂ ማመዛዘን አይደለም። ሚዛን ሁለት ሳሕን አለው፤ ሁለቱን ሳሕኖች የሚያገናኝ ዘንግ ከሌለው ግን ሚዛን አይባልም። የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ዘንግ ምን እንደ ሆነ በባዶው ከማስረዳት ይልቅ፥ በአንድ እውነተኛ ታሪክ ላይ ሠርተን ለማሳየት አሰብን። ለዚህም የመቅደላን ነገር መረጥን፤ ምክንያቱም ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ አሟሟት የተገጠሙትን ስንኞች የአገራችን ልጅ ሁሉ ፊደል ሳይቈጥር ከእናቱና ከአያቱ አፍ ይሰማቸዋል፤ መጻሕፍቱን ግን የሚያገኛቸው፥ ካገኛቸውም፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በመጀመሪያ የነገሩን አካሄድ ባጭሩ እንናገር። የቋራው ካሣ ኃይሉ መሳፍንቱን አንድ ባንድ ድል ካደረጉ በኋላ በየካቲት 1847 ዓ. ም. በደረስጌ ማርያም፥ በጳጳሱ በአቡነ ሰላማ እጅ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በ1855 ዓ. ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስም ሳይመጣላቸው ቀረ። ከዚህም የተነሣ ተቈጥተው በ1856 ዓ. ም. የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ፤ ሌሎችም አውሮጳውያን ታሰሩ። የእንግሊዝ መንግሥት እስረኞቹን ለማስፈታት በጄኔራል ሮበርት ናፒየር አዛዥነት 13,000 ያህል ወታደር ላከ። ከወታደሮቹ የሚበዙት ከሕንድ የመጡ ነበሩ፤ መድፉንም የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች አብረው መጡ። ይህ ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ. ም.፥ በስቅለት ዕለት፥ በመቅደላ ሥር በአሮጌ ሜዳ ከንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ጋር ተዋጋ። ፊታውራሪ ገብርዬ በዚያ ወደቁ። ከዚህ በኋላ አውሮጳውያኑ እስረኞች ተለቀቁ። ይሁን እንጂ ጄኔራሉ ንጉሡ እጃቸውን እንዲሰጡ ፈለገ፤ እርሳቸውም እምቢ አሉ። ሚያዝያ 6 ቀን፥ በትንሣኤ ማግስት ሰኞ፥ እንግሊዞች አምባውን ሰብረው ሲገቡ ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ሽጉጡም ቀድሞ ንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ አድርጋ የላከችላቸው ነበር።

ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ስለዚሁ ነገር ግን ልዩ ልዩ አፍ ተናግሯል። አንደኛው የአዝማሪው፥ የአልቃሹና የፎካሪው ግጥም ነው። የገጣሚው ስም አይታወቅም፤ ቃሉም ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ እዚህና እዚያ ይለዋወጣል። ሁለተኛው የአገር ጸሐፊዎች ዜና መዋዕል ነው። የቀድሞ ነገሥታት ዜና ይጻፍ የነበረው በግዕዝ ሲሆን የዐፄ ቴዎድሮስ ግን በአማርኛ ተጻፈ፤ ሦስት ጽሑፎችም ደርሰውናል። አንዱ የደብተራ ዘነብ ነው፤ ንጉሡን አብዝቶ ያመሰግናል፤ ነገር ግን እስከ ሞታቸው ሳይደርስ ያቆማል። ሁለተኛው የአለቃ ወልደ ማርያም ነው፤ በዚህ ደግሞ ነቀፋው ይበረታል። ሦስተኛው የጸሐፊው ስም ያልታወቀ ነው፤ ይህንንም ኢጣሊያዊው ሊቅ ሉዊጂ ፉዜላ ከ1957 እስከ 1959 እ. ኤ. አ. አሳትሞታል። ሦስተኛው አፍ እንግሊዞች ራሳቸው የጻፉት ነው። ከእስረኞቹ መካከል ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ በ1868 እ. ኤ. አ.፥ መልእክተኛው ሆርሙዝድ ራሳም በ1869 እ. ኤ. አ. መጽሐፍ አወጡ። ከጦሩ ጋር የመጣው ክሌመንትስ ማርካም ደግሞ በዚሁ በ1869 እ. ኤ. አ. የዘመቻውን ታሪክ ጻፈ።

እንግዲህ ድርሰቱን ለመጻፍ የተቀመጠ ተማሪ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ጥያቄ ነው። «ግጥሙ ይበልጣል ወይስ ዜና መዋዕሉ?» ብሎ መጠየቅ ፍሬ የለውም፤ በሬና ፈረስ ማወዳደር ይሆናል። በሬው ያርሳል፥ ፈረሱ ይጋለባል። «የትኛው እውነት ይናገራል?» ብሎ መጠየቅም ከዚያ ይሻላል እንጂ በቂ አይደለም፤ ይህን የጠየቀ ሰው ግጥሙን ወዲያው ውሸታም ብሎ ከሸንጎ ያስወጣዋልና። በመካከላችንም ይህን የሚሉ ነበሩ። ግጥም ቤት ለመምታት ሲል ያገኘውን ቃል ይጠራል፥ ስለዚህ የታሪክ ምስክር ሊሆን አይችልም ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። ሌሎቻችን ደግሞ የአገር ሕዝብ ስለ ራሱ ኀዘን የተናገረውን ትተን የወራሪውን መዝገብ ብቻ ብናምን ታሪካችንን በሰው እጅ አሳልፈን ሰጠን ማለት ነው አልን። በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበት ጥያቄ ይህ ነው፤ «በመቅደላ ምን ጠፋ፥ ምንስ ተረፈ ብሎ እያንዳንዱ አፍ ይቈጥራል? ሳይቈጥር የሚያልፈውስ ምንድር ነው?» ይህ ጥያቄ ለሁሉም እኩል ይቀርባል። የሚዛኑ ዘንግ ያልነውም ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የአቀማመጥ ነገር ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መንገድ አንዱን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መርምሮ ሲያበቁ ወደ ሁለተኛው መሄድ ነው። ይህ መንገድ አንደኛው ጽሑፍ ለሁለተኛው መክፈቻ በሚሆንበት ጊዜ ይጠቅማል፤ ለምሳሌ አንድ ደራሲ ዜና መዋዕሉን አንብቦ ቴያትር የጻፈ እንደ ሆነ፥ ዜና መዋዕሉን አስቀድሞ ማየት ተገቢ ነው። ሁለተኛው መንገድ ነጥብ እያወጡ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሁሉንም ጽሑፎች ማናገር ነው። ይህ እንደ ችሎት ነው፤ ዳኛው አንድ ነገር ይጠይቃል፥ ምስክሮቹም ተራ በተራ ይመልሳሉ። ለመቅደላ ጉዳይ የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው ብለን ሦስት ነጥቦች አወጣን፤ እነርሱም ቍጥር፥ ምርኮና ዝምታ ናቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ ቍጥር ነው። እንግሊዞች የአሮጌን ውጊያ ሲመዘግቡ ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል መሞታቸውን፥ 1,200 ያህልም መቍሰላቸውን ጻፉ። ከእነርሱ ወገን የቈሰሉት 20 ያህል ሲሆኑ ከእነዚያም 2ቱ ሞቱ። ቍጥሩ ራሱ ብዙ ይናገራል። ጐራዴና ጦር፥ አሮጌም ነፍጥ የያዘ ሰው፥ በፍጥነት ከሚተኵስ አዲስ ጠመንጃ ፊት ወደ ቍልቍለት ሲሮጥ የሆነውን ያሳያል። አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚታወቀውን የመቅደላ ልቅሶ እንጠይቀው። ግጥሙ ከአምባው አፋፍ የተሰማውን ዋይታ ከተናገረ በኋላ ከወንድ ወገን የሞተ ብሎ የሚቈጥረው አንድን ሰው ብቻ ነው። ይህ ከመዝገቡ ጋር ሲተያይ ሐሰት ይመስላል፤ 700 ሰው በወደቀበት ቦታ አንድ ሰው ሞተ ማለት እንዴት ይሆናል?

እዚህ ላይ ነው የግጥሙን አሠራር ማወቅ የሚያስፈልገው። የአማርኛ ግጥም በተለመደው በወል ቤት አንዱ ስንኝ ባለ ስድስት ስድስት ቀለም ሁለት ሐረግ ነው፤ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ዝርዝር አይገባም። ገጣሚው የሚመርጠው አንድ ነገር ነው፤ የመረጠውም ነገር የሌላውን ሁሉ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ግጥሙ «አንድ» ሲል ሬሳ አልቈጠረም፤ ወንድነትን መዘነ እንጂ። ጠላት በገባ ጊዜ እጁን ያልሰጠውን ሰው ብቻ በወንድ ቍጥር አስገብቶ፥ አምባውን ጥለው የሸሹትን በዝምታ ወቀሳቸው። ግጥሙ ሙገሳ ብቻ መስሎን ስንዘምረው ኖረናል፤ ከመዝገቡ አጠገብ ስናነበው ግን ክስ ሆኖ አገኘነው። በዚያው መጠን ደግሞ መዝገቡ ግጥሙን ይወቅሰዋል፤ ምክንያቱም በአሮጌ ቍልቍለት ወደ ጥይት የሮጡት ፊታውራሪ ገብርዬና ጭፍሮቻቸው አልሸሹም። እነዚያ 700ዎቹም ወንዶች ነበሩ። ግጥሙን ብቻ ያነበበ ሰው ይህን አያውቅም፤ መዝገቡን ብቻ ያነበበም ሕዝቡ ለምን በአንድ ሰው ሞት እንዲያ እንዳለቀሰ አይገባውም።

ሁለተኛው ነጥብ ምርኮ ነው። ሌላው የታወቀ ግጥም በእንግሊዞች ላይ ያላግጣል፤ ንጉሡን በሕይወት ስላላገኙአቸው በጃቸው የያዙት ሰው የለም፥ እንግዲህ አገራቸው ሲገቡ ምን ወሬ ሊያወሩ ነው በሚል መንፈስ የተነገረ ነው። ይህ ቃል ለተሸነፈ ሕዝብ ትልቅ መጽናኛ ነበር። ድሉን ከድል አድራጊው ቀምቶ ለሞተው ሰው ይሰጠዋልና። እንግሊዞች ግን በራሳቸው መዝገብ ሥራችን ተፈጸመ አሉ፤ የመጡት እስረኞችን ለማስፈታት ነው፥ እስረኞቹም ተፈቱ። እንግዲህ ሁለቱ አፎች የሚነጋገሩት ስለ ሁለት ልዩ ልዩ ዘመቻ ይመስላል።

ነገር ግን በዚህ ነጥብ ላይ ግጥሙም፥ የጦሩ የክብር ንግግርም የማይነግሩን ሦስተኛ ነገር አለ፤ ይኸውም የዕቃው ዝርዝር ነው። እንግሊዞች ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። ከመቅደላ የተዘረፈውን ዕቃ ለመጫን 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈልገዋል። በደላንታ ሜዳ ሁለት ቀን ሐራጅ ተደርጎ ዕቃው ተሸጠ፥ ገንዘቡም ለወታደሮች ተከፈለ። አክሊል፥ ጽዋ፥ መስቀል፥ ታቦትም ሳይቀር ተወሰደ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት በብሪታንያ ቤተ መዘክር ገቡ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ. ም. ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስ ለምነው ያ መጽሐፍ ተመለሰ፤ የሚበዙት ግን ከዚያው ቀሩ። ሚያዝያ 10 ቀን አምባው ሲቃጠል ቤተ ክርስቲያኑም አብሮ ተቃጠለ።

ከዕቃው ሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሰው ነው። የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ የ7 ዓመት ሕፃን ሳለ ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞተች። እርሱም በኅዳር 1872 ዓ. ም. በሊድስ ከተማ ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። ዕድሜው 18 ነበር፤ ይህን ጽሑፍ ከምንጽፈው ከእኛ ዕድሜ ጋር አንድ ነው። አስከሬኑ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ልመና የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በግንቦት 2015 ዓ. ም. ሳይቀበለው ቀርቷል። ከሞቱት ንጉሥ ራስ ላይ ተቈርጦ የተወሰደው ፀጉር ግን በመጋቢት 2011 ዓ. ም. በለንደን የሚገኘው የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ለኢትዮጵያ አስረክቧል።

ይህን ሁሉ ጐን ለጐን ካስቀመጥን በኋላ ግጥሙን ምን እንለዋለን? ውሸት ነው አንልም። የንጉሡ ሰውነት በሕይወት በጠላት እጅ አልገባም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በጃቸው ምንም የለም የሚለው ስሜት ለብዙ ዘመን ሲያጽናናን፥ በጃቸው ያለውን እንዳንጠይቅ አስተኝቶን እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል። መጽናኛ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒትም ከመጠን ሲያልፍ ያስተኛል። ይህን ያገኘነው ግጥሙን በመናቅ አይደለም፤ ዕቃው ከተቈጠረበት ዝርዝር ጋር አጋጥመን በማንበብ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ዝምታ ነው። አንድ ጽሑፍ የሚናገረውን ማየት ቀላል ነው፤ ያልተናገረውን የሚያይ ግን ሌላ ጽሑፍ አጠገቡ ያኖረ አንባቢ ብቻ ነው። ስለ መቅደላ የሚነገሩት ልቅሶዎች ሚያዝያ 2 ቀን፥ ማለት ከውጊያው በፊት በነበረው ዕለት፥ ስለ ሆነው ነገር ዝም ይላሉ። በዚያ ቀን ከኢትዮጵያውያን እስረኞች ብዙዎቹ በንጉሡ ትእዛዝ እየተገደሉ ወደ ገደል ተጣሉ። በ1859 ዓ. ም. የጐንደር ከተማ ተዘርፋ ከነአብያተ ክርስቲያኗ መቃጠሏንም የመቅደላ ልቅሶ አያነሣም። እነዚህን ነገሮች የምናገኛቸው በዜና መዋዕሉ ነቀፋና በአውሮጳውያኑ መጻሕፍት ነው። ከገደል የተጣሉት ሰዎችም እናት ነበራቸው፤ ለእነርሱም በየአገሩ ሙሾ ሳይወርድ አልቀረም። ነገር ግን በየአፉ ሲነገር የምንሰማው የንጉሡ ልቅሶ ነው፤ የእነርሱን ግን እኛ አልሰማነውም። እንግዲህ ግጥምም እንደ ቤተ መንግሥት ጸሐፊ ትልቁን ሰው ይመርጣል፤ የሕዝብ አፍ ስለ ሆነ ብቻ የሕዝብን ሁሉ ኀዘን ይይዛል ማለት አይቻልም።

የእንግሊዞቹም መጻሕፍት የራሳቸው ዝምታ አላቸው። የታሰሩትን አውሮጳውያን በስማቸው አንድ ባንድ ይጠሩአቸዋል፤ በአሮጌ የወደቁትን ግን በጅምላ ይቈጥሩአቸዋል። የ1855ቱ ደብዳቤ መልስ አጥቶ መቅረቱ የጠቡ መነሻ እንደ ነበረ ሁሉም እኩል አያጐሉትም። ግጥሙ ሰባት መቶውን ረስቶ አንዱን ጠራ፤ መዝገቡ ሰባት መቶውን ቈጥሮ ስማቸውን አልጠየቀም። ሁለቱ ዝምታዎች ልዩ ልዩ ናቸው፤ የማመዛዘን ድርሰትም ዋና ሥራው ይህን ልዩነት ማሳየት ነው።

በዚህ ላይ እኛን በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግነውን የሚነካ ነገር አለ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወንጌል ለማስተማር የመጡ ሚስዮናውያን ነበሩ። ከእነርሱም ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ጓደኞቹ በጋፋት ተቀምጠው ለንጉሡ መድፍ ሠሩ፤ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ የእነርሱ እጅ ሥራ ነው። ሌላው ሚስዮናዊ ሄንሪ ስተርን ግን በ1862 እ. ኤ. አ. ባሳተመው መጽሐፍ የንጉሡ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚለውን ወሬ በመጻፉ በ1856 ዓ. ም. ተገርፎ ታሰረ፤ ከተፈታም በኋላ ስለ እስራቱ ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ሃይማኖት ሰበኩ፤ አንድን ንጉሥም አዩ። ሆኖም አንዱ ንጉሡን በቅርብ ያገለገለ፥ ሌላው በሰንሰለት የታሰረ ስለ ሆነ የጻፉት አንድ ዓይነት አይደለም። ከዚህም የምንማረው፥ «ሚስዮናዊ ጽፎታልና እውነት ነው» ወይም «ፈረንጅ ጽፎታልና ሐሰት ነው» ብሎ በወገን መፍረድ እንደማይገባ ነው። የሚጠየቀው ጸሐፊው በዚያ ቀን የት ቆሞ ነበር፥ ምን ደረሰበት፥ ለማንስ ይጽፋል የሚለው ነው። ይህንኑ ጥያቄ ለአልቃሹም ማቅረብ ይገባል፤ አልቃሽ የሚያለቅሰው በለቀስተኛ ፊት ነው፥ ለቀስተኛውም ሊሰማ የማይወደውን አይናገርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ በእነዚህ ጽሑፎች ላይ የበቀሉ ሌሎች ጽሑፎች አሉ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ቴያትር ጽፈዋል። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ. ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን፥ አቤ ጉበኛም በ1961 ዓ. ም. «አንድ ለናቱ»ን አሳትመዋል። የእነዚህ ደራስያን ሥራ ከድርሰቱ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ቦታውን መለየት ያስፈልጋል። እነርሱ በሚያዝያ 6 ቀን በመቅደላ አልነበሩም፤ ከ90 ዓመት ያህል በኋላ ተነሥተው የልቅሶውንና የዜና መዋዕሉን ቃል በዘመናቸው ጥያቄ ያናገሩ ናቸው። ስለዚህ ስለ 1860 ዓ. ም. ምስክር አናደርጋቸውም፤ ስለ ራሳቸው ዘመን ግን ምስክር ይሆናሉ። ቅዳሜ የተጠመቀውን ጠላ እሑድ የጠጣ ሰው ስለ ጠላው መናገር ይችላል፤ ስለ ጥንስሱ ግን ጠማቂዋን መጠየቅ ይሻላል።

እንግዲህ ድርሰቱ በዚህ ተራ ይሄዳል። በመግቢያው ነገሩና ጥያቄው ይነገራል፤ ቀጥሎ ምስክሮቹ ማን እንደ ሆኑ፥ መቼና ለማን እንደ ተናገሩ ይገለጣል፤ ከዚያ ነጥብ በነጥብ እየተጠየቁ ይመልሳሉ፤ በየነጥቡም መጨረሻ አንዱ ስለ ሌላው ምን እንዳስተማረን ይጻፋል። የግጥሙ አሠራር፥ ማለት ቤቱ፥ ሐረጉ፥ ሰሙና ወርቁ፥ ለብቻው በአንድ ክፍል ተከማችቶ አይቀመጥም፤ ትርጉም በለወጠበት ቦታ ላይ ይነሣል እንጂ። ቍጥር ስናነሣ የስንኙን ጥበት ያነሣነው ስለዚህ ነው። መደምደሚያውም የተባለውን መልሶ መድገም ሳይሆን ፍርድ መስጠት ነው።

የእኛ ፍርድ ይህ ነው። በግጥም ብቻ የሚኖር ሕዝብ ጀግናውን ያስታውሳል፥ ከገደል የተጣሉትን ግን ይረሳል፤ ከእጁ የተወሰደውንም አይጠይቅም። በሰው መዝገብ ብቻ የሚኖር ሕዝብ ደግሞ የሙታኑን ቍጥር ያውቃል፥ ለምን እንዳለቀሰ ግን አያውቅም። ግጥሙ የንጉሡን ክብር ጠብቆልናል፤ ዜና መዋዕሉ የንጉሡን በደል ጠብቆልናል፤ የጠላት መዝገብ ደግሞ፥ ሳያስበው፥ የተዘረፍነውን ዝርዝር ጠብቆልናል። ሦስቱን አንድ ላይ ያነበበ ብቻ ንጉሡን ያለ ጣዖትነት ሊያከብር፥ ያለ ጥላቻም ሊወቅስ ይችላል። የሕፃኑን ዓለማየሁን አስከሬን የሚለምን፥ መጻሕፍቱንም የሚጠይቅ ትውልድ በልቅሶው ላይ ማስረጃ፥ በማስረጃውም ላይ ልቅሶ ሊጨምር ያስፈልገዋል። አንዱ ብቻውን አይሰማም።

በመጨረሻም ለታናሾቻችን አንድ ነገር አደራ እንላለን። መጻሕፍቱ ታትመዋል፤ አይጠፉም። በየመንደሩ ያለው ግጥም ግን ከተናጋሪው ጋር ይቀበራል። ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ ከአያቶቻችሁና ከጎረቤት ሽማግሌዎች የምትሰሙትን ስንኝ ጻፉ፤ የተናጋሪውን አገር፥ ቀኑን፥ ከማን እንደ ሰማውም አብራችሁ ጻፉ። አንዱ ሽማግሌ ከሌላው ለይቶ ቢነግራችሁ ሁለቱንም ጻፉ እንጂ «ይህ ልክ ነው» ብላችሁ አንዱን አትሰርዙ። በተለይም ለንጉሥ ሳይሆን ለተራ ሰው የተለቀሰውን ሙሾ ፈልጉ፤ ሳይጻፍ የሚቀረው እርሱ ነውና። ከእኛ በኋላ በዚህ ክፍል የሚቀመጥ ተማሪ ከእኛ የበዙ ምስክሮችን አቅርቦ ከእኛ የተሻለ ፍርድ እንዲሰጥ እንመኛለን።